ከአያት እስከ ልጅ ልጅ፦ በቤተሰብ ውስጥ የሚሻገረው ምንድን ነው?

ሁለት ልጆች በአንድ ቤት ያስላሉ። ትልቁ ሲያስል እናትየው ከማድ ቤት ሆና «ውሃ ጠጣ» ትለዋለች። ትንሿ ስታስል ግን ማማሰያውን ጥላ ትሮጣለች፣ ግንባሯን ትዳስሳለች፣ ከትምህርት ቤት ታስቀራታለች። ሳሉ አንድ ነው። የተለየው እናትየው ትንሿን ባየች ቁጥር በውስጧ የሚነሣው ስጋት ነው። ያ ስጋት ልጅቷ ከመወለዷ 30 ዓመት በፊት፣ አያትየው ሕፃን በቀበሩበት ዓመት የጀመረ ሊሆን ይችላል።

ስጋት ከዚያ እዚህ የሚደርስበትን መንገድ ደረጃ በደረጃ ለማሳየት ከሞከሩት መካከል ጠልቆ የሄደው አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም መሬይ ቦወን ነው። ቦወን በ1913 (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች የተለየ ነገር ካልተባለ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቴኔሲ ውስጥ ዌቨርሊ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ከ1946 እስከ 1954 በካንሳስ በነበረው የሜኒንገር ክሊኒክ ሠራ። እዚያ ስኪዞፍሬንያ (ሰውን ከእውነታ የሚለይ ከባድ የአእምሮ ሕመም) ያለባቸውን ወጣቶችና እናቶቻቸውን ሲከታተል የአንዱ ስሜት ከሌላው ተለይቶ እንደማይቆም አስተዋለ፤ አንዱ ሲረጋጋ ሌላው ይረበሻል። በ1954 በሜሪላንድ፣ ቤተስዳ ወደሚገኘው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ኢንስቲትዩት ሲዛወር ለዚያ ዘመን እንግዳ የሆነ ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ እናቶችን፣ ቀጥሎም አባቶችንና ሌሎች የቤተሰብ አባላትን ከታማሚው ጋር በሆስፒታሉ ውስጥ እያኖረ ኑሯቸውን ተመለከተ። በ1959 ወደ ዋሽንግተኑ ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ሄደ፤ በ1990 እስኪሞትም ንድፈ ሐሳቡን ያዳበረው እዚያ ነው።

ብዙ ሰው የቤተሰብ ውርስ ሲባል ጠባይ ይታየዋል፦ ቁጡ አባት ቁጡ ልጅ ያፈራል፣ «እናቷን አይተህ ልጇን አግባ» ይባላል። ቦወን የጠየቀው ሌላ ጥያቄ ነው። በአንድ ቤት ላይ ጭንቀት ሲወርድ ማን ወደ ማን ይጠጋል? ማን ዝም ይላል? ማን ይታመማል? ሁሉን ተሸክሞ የሚሮጠው ማን ነው? ልጆች የሚወርሱት ይህን አሰላለፍ ነው። የቁጡ አባት ልጅ ራሱ ቁጣ የማያውቅ ዝምተኛ ሆኖ ሊያድግ ይችላል። ጭቅጭቅ ሲሸተው ተነሥቶ መውጣትን ከእናቱ ተምሮ ከሆነ ግን ሚስቱ ብቻዋን ስትጮኽ ልጆቹ እያዩ ያድጋሉ። ጠባዩ ተገልብጧል፤ አሰላለፉ ግን እንዳለ ነው።

ሦስት ጉልቻ

ድስት በሁለት ጉልቻ አይቆምም። ቦወን ስለ ሁለት ሰዎች ግንኙነት የሚለውም ይህንኑ ነው። ሰላም ሲሆን ሁለቱ ሁለት ሆነው ይቆያሉ፤ ውጥረት ሲገባ ይበልጥ የተጨነቀው ወገን ሦስተኛ ሰው ይስባል። ስለ ገንዘብ መነጋገር ያቃታቸው ባልና ሚስት ስለ ልጁ የፈተና ውጤት ሲነጋገሩ ያመሻሉ። እናት በአባት ላይ ያላትን ቅሬታ ለትልቋ ልጇ ታወራለች። ሁለት ሰው የያዘው ክብደት በሦስት ስለተከፈለ ለጊዜው ቀለል ይላል፣ ነገሩ ግን አልተፈታም። ይህ ሦስት ማዕዘን የንድፈ ሐሳቡ መሠረት ነው፤ ቦወን ረጋ ብሎ ሊቆም የሚችለው ትንሹ የግንኙነት ሥርዓት ይህ ነው ይላል።

በሦስት ማዕዘኑ ውስጥ ቦታዎቹ ይለዋወጣሉ። በሰላም ቀን የሚፈለገው የሁለቱ ቅርበት ነው፤ ውጭ የቀረው ሦስተኛ ይከፋዋል። በጭንቀት ቀን ውጭ ያለው ያርፋል፤ ውስጥ ያሉት ደግሞ መውጫ ይፈልጋሉ። ሦስቱ ሊሸከሙት ካልቻሉ አራተኛ ይጨመራል፦ አክስት፣ ጎረቤት፣ መምህር፣ በመጨረሻም ፖሊስና ፍርድ ቤት። ሦስት ማዕዘን መኖሩ በራሱ በሽታ አይደለም፣ የሌለበት ቤተሰብም የለም። በሽታ የሚሆነው አንድ ሰው፣ በተለይ ልጅ፣ ከአንዱ ቦታ መነቃነቅ ሲያቅተው ነው።

ወደ ቀጣዩ ትውልድ የሚያሻግረው መንገድም ከዚህ ይጀምራል፤ ሰዎቹ ያልፋሉ፣ ቦታው ይቀራል። የአባትና የእናትን ጠብ ትሸከም የነበረችው አያት ስትሞት ትልቋ ልጅ ትተካታለች፤ እሷ አግብታ ስትሄድ ታናሿ። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚለው ተረት ለዚህ የተተረተ ይመስላል። ሽምግልናችንም ሦስተኛ ሰው ማስገባት ነው፤ የሚሠራው ግን ሽማግሌው ከሁለቱም ጋር እየተገናኘ የማንንም ወገን ሳይዝ መቆየት ሲችል ብቻ ነው። ወገን የያዘ ሽማግሌ ድስቱን ይሸከማል እንጂ እሳቱን አያበርድም።

አንድ ትዳር ከሚችለው በላይ ጭንቀት ሲከማችበት ቦወን አራት መውጫ ያያል። አንደኛው ግልጽ ጠብ ነው። ሁለተኛው መራራቅ፦ አብረው ይበላሉ፣ አይነጋገሩም። ሦስተኛው አንዱ ሁሉን እየሠራ፣ እየወሰነ፣ እያሰበ ሲበረታ ሌላው እየደከመ፣ እየታመመ ወይም ወደ መጠጥ እያዘነበለ መሄዱ ነው። ይህ ሦስተኛው ለውጭ ሰው «ጎበዝ ሚስትና የማይረባ ባል» መስሎ ይታያል፤ ውስጡን ሲያዩት ግን አንዷ በበረታች መጠን ሌላው የሚደክምበት አንድ ሚዛን ነው፤ ጎበዟ ጥቂት ካላነሰች ደካማው የሚያድግበት ቦታ የለውም። አራተኛው መውጫ ልጅ ነው። አብዛኛው ቤተሰብ አራቱንም በየመጠኑ ይጠቀማል፤ ጭንቀቱ በተሰራጨ መጠን እያንዳንዱን የሚጎዳው ይቀንሳል። ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙዎችን ያስገርማል፦ ጭቅጭቅ የማይሰማበት ቤት ጭንቀቱን ሁሉ በአንድ ልጅ ላይ አሳርፎ ሊሆን ይችላል።

ልጁ ላይ እንዴት ያርፋል

ይህ የንድፈ ሐሳቡ ጠንካራ ክፍል ነው። ወደምታስለዋ ትንሿ ልጅ እንመለስ። ሂደቱ ሦስት እርምጃ አለው። መጀመሪያ ወላጅ ልጁ ላይ አንድ ጉድለት እንዳይኖር ይፈራና ትኩረቱን ያሳርፍበታል። ቀጥሎ ልጁ የሚያደርገውን ሁሉ የፍርሃቱ ማረጋገጫ አድርጎ ይተረጉማል፤ ሳሉ ሳንባ ነው፣ ዝምታው ድብርት ነው፣ አለመብላቱ በሽታ ነው። በመጨረሻ ጉድለቱ በእርግጥ እንዳለ አድርጎ ይይዘዋል። ይጠብቀዋል፣ በእሱ ፈንታ ይመልሳል፣ በእሱ ፈንታ ይጨነቃል። ልጁም እንደተያዘበት ሆኖ ያድጋል፤ ሲከፋው ራሱን ከማረጋጋት ይልቅ የሚያረጋጋው ሰው ይፈልጋል። የወላጅ ፍርሃት በዚህ ጊዜ እውነት ሆነ። «አላልኩም ነበር?» ሲባል ክቡ ይዘጋል።

እዚህ ውስጥ ጭካኔ የለም። ነገሩን ለማየት አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይህ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ጥልቅ ፍቅር ይመስላል፣ ፍቅርም አለበት። ልዩነቱን ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይጠቅማል፦ ወላጁ አሁን የሚያደርገው ነገር የሚያስታግሰው የልጁን ችግር ነው ወይስ የራሱን ፍርሃት? ልጅቷ ትኩሳት ሳይኖራት ከትምህርት ቤት የቀረችበት ቀን ያረፈችው እናትየው ናት።

ከልጆች መካከል የሚመረጠው ማን ነው? ብዙ ጊዜ የሚወስነው ጊዜው ነው። ቤተሰቡ ሐዘን ላይ እያለ የተወለደ፣ በስደት ወይም በሥራ ማጣት ዓመት የመጣ፣ ከሞተ ሕፃን ቀጥሎ የተወለደ፣ የመጀመሪያው ወይም ብቸኛው፣ የአካል ጉዳት ያለበት፣ መልኩ ለአንድ ዘመድ የሄደ። የአንድ ቤት ልጆች በአንድ ጣሪያ ሥር አድገው የተለያየ ቤተሰብ ውስጥ ያደጉ ያህል የሚለያዩት በዚህ ምክንያት ነው። «እኛም እዚያው አድገናል፣ ምን ሆንን?» የሚል ወንድም አይዋሽም፤ እሱ ያደገው ስጋቱ ባላረፈበት ጥግ ነው።

አሁን ሒሳቡን በትውልድ እንቁጠረው። ቦወን ሰዎችን ከ0 እስከ 100 በሚሄድ መስመር ላይ ያስቀምጣል። መስመሩ የሚያሳየው ራስን ለይቶ መቆም መቻልን ነው፤ ይኸውም ከሰው ሳይቆረጡ የራስን ሐሳብ መያዝ፣ ስሜት ሲግል ማሰብ መቻል። መለኪያ መሣሪያ አይደለም፤ ማንም ሰው «እኔ 52 ነኝ» ሊል አይችልም። ለማስረዳት ያህል ግን ወላጆች 45 ላይ ናቸው እንበል። ስጋቱ ያረፈባት ልጅ 41 ሆና፣ ሌላው 45 ሆኖ፣ ከስጋቱ ነፃ ያደገው 47 ሆኖ ከቤት ይወጣሉ። ቦወን ሰው የሚያገባው በግምት የራሱን ደረጃ ነው ይላል። ስለዚህ የ41ዋ ቤት ከወላጆቿ ቤት ይልቅ ጭንቀት ይፈላበታል፣ የእሷም ትኩረት ያረፈበት ልጅ 37 ይሆናል። የ47ቱ ልጅ ደግሞ 50 ሊደርስ ይችላል። በሁለት ትውልድ ውስጥ የአንድ አያት ልጅ ልጆች በ13 ነጥብ ተራርቀዋል፣ ማንም ግን በአንድ ጊዜ ከጥቂት ነጥብ በላይ አልወደቀም። በቤተሰብ ውስጥ ትልቅ ውድቀት የሚመስለው ነገር በአብዛኛው የትንንሽ እርምጃዎች ድምር መሆኑን የሚያሳየው ይህ ሒሳብ ነው። መውጣትም በዚያው መንገድ ነው፤ በአንድ ትውልድ ጥቂት ነጥብ።

ራስን ለይቶ መቆም ሲባል ብዙ አማርኛ አንባቢ «የፈረንጅ ራስ ወዳድነት» ይመስለዋል። ስጋቱ መሠረት አለው፤ ንድፈ ሐሳቡ የተወለደው ልጅ 18 ሲሞላው ከቤት በሚወጣበት አገር ነው። ሐሳቡ ግን ስለ ርቀት አይናገርም። ከሰባት ሰው ጋር በአንድ ቤት እየኖረ ራሱን ለይቶ የቆመ አለ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ ከእናቱ ስሜት ያልተላቀቀ አለ። ሪያድ የምትሠራ ልጅን እንውሰድ። እናቷ ደውላ ጣሪያው እንደሚያፈስ ታለቅሳለች። ልጅቷ ተበድራ ልካ ለሦስት ወር በንዴት ብትቆይ፣ ወይም ስልኩን ዘግታ ቁጥር ብትቀይር፣ ሁለቱም አንድ ነገር ናቸው፤ የወሰነው የእናትየው ልቅሶ ነው። «እማ፣ በየወሩ የምልከውን እልካለሁ። ለጣሪያው ከመስከረም በፊት አልችልም» ብላ፣ ልቅሶው ሲቀጥል ስልኩን ሳትዘጋ፣ ሳትቆጣና ሳታስረዳ ብትቆይ ግን ሌላ ነገር ነው። የተላከው ገንዘብ መጠን ስለዚህ ምንም አይነግረንም።

ኩርፊያ መፍትሔ የማይሆንበት ምክንያት

ሰው ከቤተሰቡ ጭንቀት ለመዳን የሚወስደው ፈጣኑ እርምጃ መቆራረጥ ነው። ቤት ይቀይራል፣ አገር ይቀይራል፣ ወይም እዚያው ቤት ሆኖ ያኮርፋል። ቦወን ይህን «ስሜታዊ መቆራረጥ» ብሎ በ1975 ራሱን የቻለ ጽንሰ ሐሳብ አደረገው። መቆራረጥ ጭንቀትን ያስታግሳል፣ በዚህ ውሸት የለም። ችግሩ ያልተፈታው ነገር ከሰውየው ጋር አብሮ መጓዙ ነው። ከአባቱ ጋር ለ15 ዓመት ያልተነጋገረ ሰው ከአባቱ ይፈልገው የነበረውን ሁሉ ከሚስቱና ከልጁ ይጠብቃል፤ ሁለት ሰው የሃያ ሰውን ቦታ ሊሞላ አይችልምና ትዳሩ ይጨነቃል። ልጁ ደግሞ ነገር ሲከርር ግንኙነትን መበጠስ እንደሚቻል በዓይኑ አይቶ አድጓል። በስደት ያሉ ቤተሰቦች ውስጥ ይህ ድምፁን ያጠፋል፤ መራራቁን ርቀቱና ቪዛው ስለሚሸፍኑት መቆራረጥ መሆኑ አይታይም።

ለዚህ ሁሉ ሌላ ቋንቋ የሰጠው በቡዳፔስት ተወልዶ በፊላደልፊያ የሠራው የአእምሮ ሐኪም ኢቫን ቦሶርሜኒ ናጅ ነው። ቦወን ጭንቀትን ሲከተል እሱ ፍትሕን ተከተለ፤ ውለታ የሚለውን ቃል ለሚያውቅ ሰው ሐሳቡ ወዲያው ይገባል። በ1973 ከጄራልዲን ስፓርክ ጋር እንዳስረዳው እያንዳንዱ ቤተሰብ ማንም ያልጻፈው የውለታ መዝገብ አለው፤ ማን ለማን ምን ከፈለ፣ ማን ሳይከፈለው ቀረ። በልጅነቱ እናቱን ሲያጽናና፣ ታናናሾቹን ሲያሳድግ የኖረ ልጅ ያልተመለሰለት ዕዳ አለው። ለወላጆቹ ታማኝ ስለሆነ ከእነሱ አይጠይቅም፤ ሲያድግ ከልጁ ይሰበስባል። «እኔ በአንተ ዕድሜ ቤት አስተዳድር ነበር» የሚለው ወቀሳ ላልተበደረው ሰው የቀረበ ሒሳብ ነው። ልጁ ይከፍላል፣ እሱም በተራው ከራሱ ልጅ ይጠይቃል።

ምን ያህሉ ተረጋግጧል?

ንድፈ ሐሳቡን የሚወዱ ሰዎች ይህን ክፍል ቶሎ ያልፉታል፤ ማለፍ የለባቸውም። ቦወን ስኪዞፍሬንያ ራሱ ለብዙ ትውልድ የተጠራቀመ የቤተሰብ ጭንቀት ውጤት ነው ብሎ ያስብ ነበር። ዛሬ ይህ አይያዝም፤ በሽታው ከፍተኛ የዘር ድርሻ ያለው የአንጎል ሕመም ነው፣ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ያ አስተሳሰብ ብዙ እናቶችን ያለጥፋታቸው አስወቅሷል። ሴት ተመራማሪዎችም ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ትክክለኛ ትችት አቅርበዋል፦ ልጅ እንድትንከባከብ ብቻዋን የተተወችን ሴት «ከልጇ ጋር ከመጠን በላይ ተጣብቃለች» ማለት የአባትን አለመኖር ከሥዕሉ ማውጣት ነው።

በሌላ በኩል በ1998 ኤልዛቤት ስኮውሮንና ሚርና ፍሪድላንደር ራስን ለይቶ መቆምን የሚለካ የ43 ጥያቄ መጠይቅ አዘጋጅተው ነበር። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ጥናቶች ዝቅተኛ ውጤት ከጭንቀትና ከትዳር እርካታ ማነስ ጋር እንደሚሄድ በተደጋጋሚ አሳይተዋል። ባልና ሚስት እኩል ደረጃ ላይ ናቸው የሚለው ግን ወጥ ድጋፍ አላገኘም። የልደት ቅደም ተከተል ጠባይን ይወስናል የሚለው፣ ቦወን ከሥነ ልቦና ሊቁ ዋልተር ቶማን የወሰደው ሐሳብ፣ ይበልጥ ደካማ ነው፤ በ2015 ከ370 ሺህ በላይ አሜሪካውያን ተማሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት ያገኘው ተጽዕኖ ከዜሮ እምብዛም አይርቅም። የመንታዎች ጥናቶችም ከጠባይ ልዩነት ወደ ግማሽ የሚጠጋው የዘር ድርሻ እንደሆነ ያሳያሉ። የአያት ስቃይ በዘረ መል (ጂን) ላይ ምልክት ትቶ ይወርዳል የሚለው ዜና በአይጦች ላይ መነሻ ቢኖረውም በሰው ላይ አልተቋጨም።

ጠንካራው ማስረጃ የመጣው ከጎረቤት ዘርፍ፣ ከሕፃናትና ወላጆች ትስስር ጥናት ነው። በ1980ዎቹ በካሊፎርኒያ ሜሪ ሜይንና ባልደረቦቿ ወላጆችን ስለ ልጅነታቸው ለአንድ ሰዓት ያህል የሚጠይቅ ቃለ መጠይቅ ሠሩ። የሚመዘነው የልጅነቱ ክፋትና ደግነት ሳይሆን የታሪኩ አካሄድ ነው፤ ሰውየው ሳይሸሽ፣ ሳይሰምጥ፣ ምሳሌ እየጠቀሰ ይናገራል ወይ? በ1991 ፒተር ፎናጊና ባልደረቦቹ ለንደን ውስጥ ይህን ለነፍሰ ጡሮች አቀረቡ። ሕፃኑ አንድ ዓመት ሲሞላው ከእናቱ ጋር ያለው ትስስር የተረጋጋ ይሁን አይሁን ከአራት ሦስት ጊዜ ከመልሷ አስቀድሞ ማወቅ ተቻለ። ኋላ በ2016 ብዙ ጥናቶች ሲደመሩ ግንኙነቱ መጀመሪያ ከታሰበው አነሰ፣ ግን አልጠፋም። ሰልማ ፍራይበርግም በ1975 ከሕፃናት እናቶች ጋር ስትሠራ ተመሳሳይ ነገር አይታለች። ክፉ ልጅነት ከነበራቸው ወላጆች በልጃቸው ላይ የሚደግሙት የሆነውን እያስታወሱ ስሜቱን የረሱት ናቸው፤ ያመማቸውን ያስታወሱት አይደግሙትም።

ካርታውን መሥራት

ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ሥዕል ጄኖግራም ይባላል። ምልክቶቹ መልክ የያዙት በ1985 በሞኒካ ማክጎልድሪክና ራንዲ ገርሰን ሥራ ነው። በቤት መሥራት ይቻላል። አራት ወረቀት በፕላስተር አገጣጥመው በእርሳስ ይጀምሩ፤ ብዙ ያጠፋሉ። ወንድ አራት ማዕዘን፣ ሴት ክብ፤ የራስዎን በድርብ መስመር ይሳሉ። ባል በግራ፣ ሚስት በቀኝ፤ የሚያያይዛቸው መስመር ላይ የጋብቻው ዓመት። መለያየት አንድ ሰረዝ፣ ፍቺ ሁለት ሰረዝ። ልጆች ከመስመሩ ሥር ከግራ ወደ ቀኝ በዕድሜ ቅደም ተከተል። የሞተ ሰው ላይ የመስቀለኛ ምልክት፣ ከጎኑ ዓመቱና ምክንያቱ። ሕፃን ሆነው የሞቱና ሳይወለዱ የቀሩ መግባት አለባቸው፤ ቁልፉ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ከሦስት ትውልድ ያነሰ አይጠቅምም። ከዚያ በቀይ ግንኙነቱን ይጨምሩ፦ ሦስት ትይዩ መስመር ለተጣበቁ፣ ዚግዛግ ለጠበኞች፣ ነጠብጣብ ለተራራቁ፣ የተቆረጠ መስመር ለተኳረፉ።

ለእኛ ሁለት ጉዳዮች ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ስማችን አባትንና አያትን ይዞ ስለሚሄድ የአባት ወገን በራሱ ይሞላል፤ ጋብቻን ለመከልከል ሰባት ቤት የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች ሁለቱንም ወገን ይቆጥራሉና እነሱን ይጠይቁ፤ ካልሆነ የእናት ወገን ባዶ ይቀራል። ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ከውጭ ሰነድ የተወሰደ ዓመትና ከእናት አፍ የተሰማ ዓመት ከተቀላቀሉ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስህተት ይገባል፤ ልጁ ከሐዘኑ በፊት ተወለደ ወይስ በኋላ የሚለው ይበላሻል። አንዱን መርጠው ሁሉን ወደ እሱ ይቀይሩ። ዓመቱ የማይታወቅ ከሆነ «ከ66ቱ አብዮት በፊት ነው?»፣ «በ77ቱ ድርቅ ስንተኛ ክፍል ነበርክ?» እያሉ ያስጠጉ።

ሲጠይቁ ማን፣ መቼ፣ የት፣ እንዴት ይበሉ። «ለምን?» ሰውን ተከሳሽ ያደርጋል፣ መልሱም ሰበብ ይሆናል። «አያቴ ሲሞቱ ማን ነገረሽ? የት ነበርሽ? ከዚያ ቤቱን ማን ያዘ?» የሚሉት ይበቃሉ።

ሲያነቡት ዓመቶችን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። በ18 ወር ውስጥ ሞት፣ ስደትና ልደት ከተገናኙ እዚያ ይቁሙ። ቦወን አንድ ዋና ሰው ከሞተ በኋላ ለወራትና ለዓመታት በማይገናኙ በሚመስሉ ዘመዶች ላይ ሕመም፣ ፍቺና ኪሳራ ሲከተል አይቶ የስሜት ድንጋጤ ሞገድ ብሎታል። ያልተለቀሰ ሞት ደግሞ ረጅም ዕድሜ አለው። በቀይ ሽብር ዘመን ልጁ የተገደለበት ቤተሰብ ለቅሶ እንዳይቀመጥ ይከለከል ነበር። በዚያን ጊዜ እንባ መዋጥ ነፍስ ማዳን ነበር፤ የተማረው ዝምታ ግን ምክንያቱን ለማያውቅ ልጅ «እዚህ ቤት አይለቀስም» ሆኖ ይደርሳል። በካርታው ላይ ስሙ የማይጠራ አጎት ካለ መጠየቅ የሚጀምሩት ከእሱ ነው፣ ቀስ ብለው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ

የቦወን ሕክምና ቤተሰቡን ሁሉ አንድ ክፍል መሰብሰብ አይጠይቅም። አንድ ሰው የራሱን ድርሻ ሲለውጥ ሥርዓቱ ይንቀሳቀሳል ብሎ ያምን ነበር፤ ብዙዎችን የሚያገኘውም በወር አንድ ጊዜ ነበር፣ ሥራው በመካከል ባለው ጊዜ ከቤተሰብ ጋር ስለሚሠራ። እሱ ራሱ በራሱ ቤተሰብ ላይ የሠራውን በ1967 ለሥራ ባልደረቦቹ አቅርቦ ብዙዎችን አስደንግጧል።

መነሻው ከእያንዳንዱ ወላጅ ጋር ለየብቻ፣ ስለ ሦስተኛ ሰው ሳያወሩ መገናኘት መቻል ነው። ቀላል ይመስላል። ሰዓት ይዘው ይሞክሩት፤ ከእናትዎ ጋር ስለ እርስዎና ስለ እሷ ብቻ ከአምስት ደቂቃ በላይ መቆየት ከባድ ነው፣ ወዲያው አባት፣ እህት፣ ጎረቤት ይገባሉ። ቀጥሎ ከሦስት ማዕዘን መውጣት ይመጣል። እናትዎ አባትዎን ሲያሙ መስማማትም መከላከልም ውስጥ ያስገባል። «እማ፣ ይህን ለእሱ ብትነግሪው ይሻላል፤ አንቺ ግን እንዴት ሰነበትሽ?» ማለት፣ መልእክትም አለማድረስ፣ ከአባትዎ ጋርም በዚያው ሳምንት መነጋገር። ከሁለቱም ጋር መቅረብ ግድ ነው፤ ሸሽቶ ገለልተኛ መሆን ያው መቆራረጥ ነው።

የሚከተለው ተቃውሞ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ሊዘጋጁበት ይችላሉ። ቦወን ሦስት ደረጃ ይሰጠዋል፦ ተሳስተሃል፤ እንደ ቀድሞህ ሁን፤ ካልሆንክ ይህ ይከተልሃል። በእኛ ቤት «ፈረንጅ ሆነሻል»፣ «እንደ ድሮሽ ሁኚልኝ»፣ «ስሞት እንዳትመጪ» ሆኖ ይመጣል። ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ነው። ወይ ይመለሳሉ፣ ወይ መልሰው ይጮኻሉና ይቆራረጣሉ። የሚሠራው ሳይከራከሩ፣ ሳይለማመጡ አቋምን ይዞ መደወሉን መቀጠል ነው።

ሌሎች ስህተቶችም የታወቁ ናቸው። ካርታውን ይዞ ሄዶ ለወላጅ «እኔን ያበላሸኸኝ እንዲህ አድርገህ ነው» ማለት፦ ይህ ያው የቆየው ጥፋተኛ ፍለጋ ነው፣ ያ አባትም በአንድ ወቅት ስጋት ያረፈበት ልጅ ነበር። በሠርግ ወይም በለቅሶ ላይ፣ ሁሉም በጋለበት ሰዓት፣ አዲስ አቋም ማሳወቅ። ወንድምንና እህትን አሳምኖ ግንባር መፍጠር፤ ይህ አዲስ ሦስት ማዕዘን ነው። በአንድ ጉብኝት ሁሉን ለመጨረስ መሞከር፤ ሁለት ቀን ቆይቶ ሳይግሉ መመለስ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ተጣልቶ ከመመለስ ይሻላል።

ይህ ሁሉ የማይሠራበት ቦታ አለ። ድብደባ፣ የወሲብ ጥቃት ወይም የሕይወት ማስፈራሪያ ባለበት መራቅ ኩርፊያ ሳይሆን ጥበቃ ነው፤ ማንም «ተመለሺና ራስሽን ለይተሽ ቁሚ» ሊል አይገባም። ራስን የማጥፋት ሐሳብ፣ ከእውነታ መለየት ወይም ከባድ የመጠጥ ሱስ ካለ መጀመሪያ ሕክምናው ይቀድማል፤ ካርታው ይቆያል። ስለ ቤተሰቡ ያለፈ ታሪክ ሲጠይቁ እንቅልፍ የሚያሳጣ ትዝታ ከተነሣም፣ በራስዎም ሆነ በተጠየቁት አዛውንት ላይ፣ ጥያቄውን አቁመው በዚህ ላይ የሠለጠነ ባለሙያ ባለበት ይቀጥሉ።